ለቤት የሚሆን የማተሚያ መሣሪያ፤ ፈሳሹ ቀለም ወይስ ዱቄቱ?

በዛሬው ዘመን በክርስቲያን ቤት ወረቀት ማተም የሚያስፈልግበት ጊዜ በዝቷል። የልጆች የቤት ሥራ፥ የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር፥ የተዝካር ጥሪ ሁሉ ይታተማል። በሶደሬ የሚኖር ቤተሰብ ግን ለአንዲት ገጽ ሲል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ አዳማ ቢወጣ ድካሙ ከወረቀቱ ዋጋ ይበልጣል። ስለዚህ ፕሪንተር ለመግዛት ያሰባችሁ አንባቢዎቻችን የትኛው እንደሚሻል ማወቅ ይገባችኋል።

ኢንክጄት የሚባለው ፈሳሽ ቀለምን ከጠጕር በቀጠኑ ቀዳዳዎች እየረጨ ይጽፋል። ሌዘር የሚባለው ደግሞ ቶነር የተባለውን ዱቄት በኤሌክትሪክ ስቦ ወረቀቱ ላይ ካሳረፈ በኋላ፥ ወደ 200 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት አቅልጦ ያጣብቀዋል።

ኢንክጄቱ ሲገዛ ርካሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ይመርጠዋል። ነገር ግን ፈሳሽ ቀለም ሥራ ሲፈታ ይደርቃል፤ በስምጥ ሸለቆ ሙቀትና ደረቅ ነፋስ ደግሞ ፈጥኖ ይደርቃል። በዐቢይ ጾም 55ቱን ቀን ሳይነካ የሰነበተ ኢንክጄት ለትንሣኤ ሲከፈት የተቈራረጠ ጽሑፍ ቢያወጣ አያስደንቅም። ቀዳዳውንም ለማጽዳት ራሱ ቀለም ስለሚያፈስ፥ ጥቂት ገጽ ብቻ ታትሞበት ቀለሙ ያልቃል። ዱቄቱ ግን የሚደርቅ ነገር የለውምና ወራት ቢቀመጥ አይጐዳም። ወረቀቱ ላይ ቀልጦ ስለ ተጣበቀም፥ ልጅ ከፍል ውኃው ወጥቶ በእርጥብ እጁ ቢይዘው ጽሑፉ አይፈስም። የጥንት ጸሐፍት የብራና ጥቁር ቀለም ያወጡ የነበረው ከጥቀርሻ ነው፤ የቶነሩም ጥቁረት የዚያው ዘመድ ነው።

የሚያስቸግረው የቀዩ ነገር ነው። በመጻሕፍቶቻችን የእግዚአብሔርና የእመቤታችን ስም በቀይ ሲጻፍ ያየ ቤተሰብ፥ ጥቁር ብቻ የሚያትመው ሌዘር ቅር ሊለው ይችላል። ባለቀለሙ ሌዘር አራት ቶነር ይጠይቃል፤ ወጪው ለቤት ከባድ ነው። እኛ ግን ስለ ቀዩ ብሎ ኢንክጄት መግዛት የሚያስፈልግ አይመስለንም። የብራና ጸሐፍትም ብዙ ጊዜ የስሙን ስፍራ ክፍት ትተው ጥቁሩን ከጨረሱ በኋላ፥ ብዕር ለውጠው በቀይ ይሞሉት ነበር፤ ሳይሞላ የቀረ ስፍራ ያለባቸው መጻሕፍት ዛሬም ይታያሉ። እንደዚሁ መዝሙሩን በሌዘር አትሞ ስፍራውን ክፍት መተውና ልጁ በቀይ እስክርቢቶ እንዲሞላው መስጠት ይቻላል። «ሥላሴ» ብሎ ሲጽፍ ፊተኛው በንጉሡ ሠ፥ ኋለኛው በእሳቱ ሰ መሆኑንም እግረ መንገዱን ያጠናል።

በየሳምንቱ ባለቀለም ሥዕል የሚያትም ቤት ግን ቀለሙ በጠርሙስ የሚሞላውን ባለታንክ ኢንክጄት ቢይዝ ይጠቀማል፤ ሳያቋርጥ እስከ ሠራበት ድረስ ቀዳዳው አይደፈንም።

ሌዘርም ያለ ነውር አይደለም። ኢንክጄት በጥቂት ዋት ሲሠራ፥ ሌዘር በሚሞቅበት ጊዜ ብዙ መቶ ዋት ይስባል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለማቆየት ከተገዛው ትንሽ ዩፒኤስ ጋር ሊያያዝ አይገባም። አቧራውንም መከላከል ያስፈልጋል፤ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለበት የአዳማ አገር ነፋስ ለፕሪንተር አይራራምና፥ ሁለቱም ዓይነት ሥራ ሲያበቃ በጨርቅ ይሸፈኑ።

አንድ ቶነር እንደ ዓይነቱ 1,000 ገጽና ከዚያም በላይ ያትማል፤ ጥቂት ለሚያትም ቤት ይህ የረጅም ጊዜ ስንቅ ነው። ነገር ግን ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት የዚያ ሞዴል ቶነር በአዳማ ሱቆች መገኘቱንና ዋጋውን ጠይቁ። ከአዲስ አበባ ካልመጣ አይገኝም ካሏችሁ ሌላ ሞዴል ይታያችሁ።