ተጨማሪ መረጃ፦ ከምንጭ ኮድ ሰነድ የሚያወጣ ስክሪፕት እንደገና ሲጻፍ

ምንጭ ኮድ፣ ማለትም ፕሮግራመሩ የሚጽፈው የትእዛዝ ጽሑፍ፣ ኮምፒውተሩ ዘሎ የሚያልፋቸው፣ ለሰው አንባቢ የታሰቡ ማብራሪያዎችንም ይይዛል፤ እነዚህን ለይቶ በመልቀም የአጠቃቀም መመሪያ የሚያዘጋጀው አነስተኛ ፕሮግራም ሰነድ አውጪ ስክሪፕት ነው። ለምሳሌ ዳንኤል ያዕቆብ በፐርል የፕሮግራም ቋንቋ ያዘጋጀው «ዴት ኢትዮፒክ» የተሰኘው የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ሞጁል፣ ማብራሪያው «ፖድ» በሚባለው ስልት፣ በእኩል ምልክት (=) በሚጀምሩ መስመሮች እየተከፈለ፣ ከኮዱ ጋር በአንድ ፋይል ተቀምጧል።

እንዲህ ያሉ ስክሪፕቶች የተጻፉበት ቋንቋ የሚያውቀው ሰው ሲያንስ ወይም ለመጠገን ሲያስቸግሩ እንደገና ይጻፋሉ። የሊኑክስ ስርዓተ ክወናን እምብርት (ከርነል) ማብራሪያዎች ለዓመታት ሲያወጣ የቆየው የፐርል ስክሪፕት «ከርነል ዶክ» እ.ኤ.አ. በ2025 በፓይተን ቋንቋ በተጻፈ ስክሪፕት የተተካው በዚህ ዓይነት ሥራ ነው።

በአማርኛ ለሚጽፍ ፕሮግራመር ዋናው ጥንቃቄ የፊደል አያያዝ ነው። የፊደላት የኮምፒውተር ኮድ ደረጃ የሆነው ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትሙ የኢትዮጵያን ፊደል ያካተተ ሲሆን፣ በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ በጅማ ዞን ለቡና መዝገብ በተጻፈ ፕሮግራም ማብራሪያ ውስጥ «የቡ» የሚለው የከተማ ስም ሁለት ፊደል ቢሆንም 6 ባይት ነው፤ መስመርን በባይት ቆጥሮ የሚከፍል ስክሪፕት ፊደሉን ከመሃል ቆርጦ ሊያበላሸው ይችላል። በመሆኑም አዲሱ ስክሪፕት ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት፣ ከአሮጌው ጋር በአንድ ምንጭ ኮድ ላይ ተፈትኖ የሁለቱ ውጤት መስመር በመስመር ይነጻጸራል።