የሻምፖው ዜማ ባለቤት

ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቴሌቪዥን ከሚታየው ይልቅ የሚሰማው ይበዛል። ምጣድ የጣደች፣ ኮሪደር ላይ ልብስ የምታሰጣ፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን በግድግዳ አልፎ የሚመጣባት ሁሉ ማስታወቂያውን የምታውቀው በዜማው ነው። በፀጉር ቤቶቹም ሹሩባ የምትሠራዋ ዓይኗን ከእጇ፣ የምትሠራላት ደግሞ አንገቷን ከቦታው ማንሳት ስለማይችሉ ነገሩ የሚደርሳቸው በጆሮ ነው። (ካስክ ውስጥ የገባችው ብቻ ናት በተቃራኒው ምስሉን ያለ ድምፅ የምትከታተለው።) ሻምፖን ያህል ዜማ የሚያስፈልገው ሸቀጥ ደግሞ ጥቂት ነው። ሽታው በስክሪን አያልፍም፤ ልስላሴው በእጅ ካልዳሰሱት አይታወቅም፤ የሚወዛወዘው ረጅም ፀጉር በየኩባንያው ማስታወቂያ ያው ነው። አንዱን ጠርሙስ ከሌላው የሚለየው ከጀርባ የሚሰማው ዜማ ነው። እንዲህ ከሆነ የዚያ ዜማ ደራሲ ስም ከማስታወቂያው የሚቀርበት ምክንያት የለም።

የዜማን ጉልበት ገና ድሮ የተረዱት የጃፓን የውበት ዕቃ አምራቾች ናቸው። ሺሴይዶና ተፎካካሪው ካኔቦ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለየወቅቱ አዲስ ዘፈን ያስወጡ ነበር፤ የፀደዩ ሊፕስቲክ አንድ፣ የሙቀቱ ወራት መዋቢያ ሌላ ዘፈን ይዞ ይመጣል። በ1978 የሺሴይዶን የሙቀት ወራት ዘፈን ኤይኪቺ ያዛዋ፣ የመጸውን ደግሞ ታካኦ ሆሪዩቺ ዘፍነው ሁለቱም በአገሪቱ እጅግ የተሸጡ ሸክላዎች ሆኑ። ሻምፖውም በዚሁ መንገድ ሄደ። ሺሴይዶ በ2006 (እ.ኤ.አ.) ፁባኪ የተባለውን ሻምፖ ሲያወጣ ለገበያ ማስተዋወቂያ ወደ 5 ቢሊዮን የን እንደመደበ ተነግሯል። የማስታወቂያውን ዘፈን የተጫወቱት የአገሪቱ ዝነኞች፣ አምስቱ የስማፕ ቡድን አባላት ነበሩ። ዘፈኑ ስለ አረፋና ስለ ዋጋ አያወራም፤ ሴቶችን ያወድሳል። ሻምፖው ራሱ የተሰየመው የጃፓን እናቶች ከጥንት ጀምሮ ፀጉራቸውን ይቀቡት በነበረው የካሜሊያ ዘይት ስም ነው። በእኛ አገር ለጋ ቅቤ ያለውን ቦታ ለሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል ብልህ ሐሳብ እንደነበረ ማስረዳት አያሻም።

የጃፓኑ አሠራር የቆመው በጥቅም ልውውጥ ላይ ነው። ኩባንያው ገና ያልተሰለቸ ዘፈን ያገኛል፤ ለሸክላ አሳታሚው ደግሞ ዘፈኑ ያለ ክፍያ በቀን ብዙ ጊዜ ይተላለፍለታል። አንድ ማስታወቂያ አብዛኛውን ጊዜ 15 ሰከንድ ብቻ ስለሆነ ደራሲዎቹ መጀመሪያ አዝማቹን ለዚያች ጊዜ ልክ አድርገው ይሠሩና ሌላውን በኋላ ይቀጥሉበታል። በዚህ ሙዚቃው ይጎዳል የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው፤ አዝማቹ ብቻ የሚታወስ ዘፈን ሞልቷል። ሆኖም በማስታወቂያው ጠርዝ ላይ በትንሽ ፊደል የዘፈኑ ርዕስና የድምፃዊው ስም መጻፉ የተለመደ ነው። ከ1939 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለደራሲዎች ገንዘብ የሚሰበስበው ጃስራክ የተባለው ማኅበርም ክፍያውን ይከታተላል። ሰሚው ስሙን አንብቦ ሸክላውን ሊገዛ ይሄዳል።

የእኛ ማስታወቂያም ያለ ዘፈን አይሆንለትም። ለዓመታት ገበያውን የያዘው የቢራ ዘፈን ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ ሲከለክል መድረኩ ለሳሙናው፣ ለዘይቱ፣ ለዳይፐሩና ለባንኩ ቀረ። ምቱ ብዙውን ጊዜ ችክችካ ነው። እንቁጣጣሽ ሲደርስ ደግሞ ባንኩም ዘይቱም ሳሙናውም የአበባየሆሽን ዜማ ይዘው ይመጣሉ፤ ዓይኑን የጨፈነ ሰው የትኛው የማን እንደሆነ ሊለይ አይችልም። የሕዝብ ዜማ ስለሆነ ከልካይ የለውም፤ ገንዘብ የከፈለው ድርጅት ግን ተፎካካሪውን ጭምር እያስተዋወቀ ነው። አዲስ ዜማ የሚያስደርሱም አሉ፣ አንዳንዶቹም በእውነት ያማሩ። ልጆች ደረጃ ላይ ሲወጡ ሲወርዱ ይዘፍኗቸዋል፤ ማን እንደደረሳቸው ግን በስክሪኑ ላይ አይጻፍም።

እዚህ ላይ የሚነሳው መከራከሪያ የታወቀ ነው፤ ድርጅቱ ከፍሎ አሠርቷል፣ ስለዚህ ዜማው የራሱ ነው ይባላል። ስለ ገንዘቡ ከሆነ ሕጉ ይደግፈዋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር የአሠሪው ወይም የአዛዡ ነው ይላል። ይኸው አዋጅ ግን ደራሲው የኢኮኖሚ መብቱ በእጁ ኖረም አልኖረ የሥራው አመንጪ ተብሎ የመታወቅ መብት እንዳለው ደንግጓል። ዜማው ተሽጦም የደራሲነቱ መታወቂያ አብሮ አይሸጥም። በ2006 ዓ.ም. የብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ሲቃረብ ቴዲ አፍሮ ለኮካ ኮላ የቀዳው ዘፈን ሳይለቀቅ ሲቀር አገር ሁሉ «ዘፈኑ የት ገባ?» ብሎ የጠየቀው ዘፋኙን ስለሚያውቀው ነው። ስሙ ያልተነገረ ደራሲ ዜማው ቢቀር፣ ቢቆረጥ ወይም ለሌላ ሸቀጥ ቢውል ማን ይጠይቅለታል?

ሌላው ተቃውሞ ከራሱ ከሙዚቃው ወገን ይመጣል፤ ለሻምፖ መዝፈን ኪነ ጥበብን ማርከስ ነው፣ ስምን መደበቁ እንዲያውም ክብር ነው የሚል። ይህን የሚል ሰው አዝማሪን ረስቷል። አዝማሪ ለሸላሚው እያወደሰ እንጀራውን ሲበላ ኖሯል፣ ያም ሆኖ ማሲንቆውን ይዞ ሰው ፊት ይቆማል፤ ያሞገሰውም የሰደበውም ማን እንደሆነ ይታወቃል። የማስታወቂያ ጊዜ ውድ ነው የሚሉትም የሚጠየቀው ሰከንድ ሳይሆን የስክሪን ጥግ መሆኑን ማየት አለባቸው። በእርግጥ ነገ አልበም የሚያወጣ ሰው ዛሬ በዳይፐር ዜማ መታወቅን ላይፈልግ ይችላል። አዋጁ ለዚህም ቦታ አለው፤ ደራሲ ስሙ እንዳይጠቀስ ወይም በብዕር ስም እንዲጠራ የመምረጥ መብት ሰጥቶታል። ምርጫው ግን የራሱ የደራሲው ነው፤ የማስታወቂያ ድርጅቱ ሊመርጥለት አይችልም።