ዶሮና የበረዶው ወራት

በካናዳ፥ በኩቤክ ክፍለ ሀገር፥ ምድሩ በበረዶ ተሸፍኖ ውሃ ሁሉ በሚረጋበት አገር፥ በኦካ ገዳም ይኖሩ የነበሩ ወንድም ዊልፍሪድ ሻትላን የተባሉ መነኩሴ፥ ልዩ ልዩ የዶሮ ዘሮችን ለብዙ ዓመታት እያዳቀሉ ብርድ የሚችል ዘር ለማስገኘት ደከሙ፤ ድካማቸውም ፍሬ አፍርቶ፥ ሻንቴክሌር የተባለው ዘር በፈረንጆች አቆጣጠር በ1921 ዓ.ም. በአሜሪካ ዶሮ አርቢዎች ማኅበር ዘንድ ዕውቅና አገኘ። መነኩሴው ከሁሉ ይልቅ የተጠበቡት፥ በዶሮዋ አናት ላይ ያለውና ከመንቆሯ ሥር የሚንጠለጠለው ቀይ ሥጋ እጅግ እንዲያንስ ነው፤ ላባ የማይሸፍነው ይህ ሥጋ ውርጭ አስቀድሞ የሚበላው ነውና።

ከዚህ በቀር ግን ዶሮ ፈጣሪ ለብርድ ያላዘጋጃት ፍጥረት አይደለችም። የገላዋ ሙቀት 41 ዲግሪ ያህል ነው፤ ላባዋን ስትነፋ በመካከሉ የሚታቈረው አየር ያን ሙቀት ይጠብቅላታል፤ ወደ እግሯ የሚወርደው ትኩስ ደምም በመንገዱ ከእግር የሚመለሰውን ቀዝቃዛ ደም እያሞቀ ስለሚያልፍ፥ በባዶ እግሯ በኩል የሚባክነው ሙቀት ጥቂት ነው። ስለዚህ ቆጧ ሰፋና ጠፍጠፍ ያለ ይሁን፤ ሌሊት ስትቀመጥ ጣቶቿን በደረቷ ላባ ትሸፍናለች።

እውነተኛው ጠላት እርጥበት ነው። ብዙ ሰው ከርኅራኄ ብዛት የዶሮ ቤቱን ቀዳዳ ሁሉ በጨርቅና በሣር ይወትፋል፤ ነገር ግን የዶሮዎቹ እስትንፋስና፥ ከሦስት እጅ ሁለቱ እንኳ ቢባል የሚያንስበት ውሃ ያለው ኩሳቸው፥ ቤቱን በእንፋሎት ይሞላዋል፤ እንፋሎቱም ከቀዝቃዛው ጣሪያ ጋር ሲጋጠም ጠብታ ሆኖ በዶሮዎቹ ላይ ይወርዳል፤ የረጠበውም ሥጋ ከደረቀው ፈጥኖ በውርጭ ይቈስላል። በእርጥብ ጕዝጓዝ ውስጥ ኩሱ ሲበሰብስ አሞኒያ የተባለው አየር ይወጣል፤ ይህም ዓይናቸውን ያሳምማል፥ የመተንፈሻ ቧንቧቸውንም ያቈስላል። በእኛም ደጋ አገር በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ የሚሠራው ያው ሕግ ነው።

መድኃኒቱ ከዶሮዎቹ ራስ በላይ፥ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፥ ሁልጊዜ ክፍት የሚሆን መተንፈሻ ማበጀት ነው፤ ሞቃቱ እርጥብ አየር ወደ ላይ ወጥቶ ይሄዳል፥ ነፋሱም በቆጡ ላይ አያልፍም። የማሞቂያ አምፖልን ለጫጩት ካልሆነ በቀር እኔ አልደግፈውም፤ በደረቅ ጕዝጓዝና በአቧራ መካከል የተሰቀለ ትኩስ አምፖል ስንቱን ዶሮ ቤት አቃጥሏል። ቀኑ ሲያጥር እንቍላሉ ቢቀንስ አያስደንቅም፤ ዶሮ በደንብ የምትጥለው የቀኑ ብርሃን ወደ 14 ሰዓት ሲደርስ ነው፤ ዕረፍቷም የባሕርይዋ ነው።

በረዶው ከቤት ሲያውላቸው ግን ሥራ ፈትተው እርስ በርሳቸው እንዳይጓጐጡ፥ በጕዝጓዙ ላይ ጥቂት እህል በትኖ እንዲጭሩ ማድረግ፥ ጥቅል ጎመንም ከፍ አድርጎ ማንጠልጠል ይበጃል፤ ማታ የሚበሉት በቆሎ ሌሊቱን ሲፈጭ ገላቸውን ያሞቃል፤ የመጠጥ ውሃቸው እንዳይረጋ ደግሞ ጧትና ማታ መጎብኘት ግድ ነው።

በሰሜን አገር ዶሮ የምታረባ ወገኔ ሆይ፥ ዛሬ ማታ ወደ ዶሮ ቤትህ ግባ፤ ዶሮዎቹ እስከሚቀመጡበት ድረስ ጎንበስ ብለህ አየሩን ሳብ፤ ዓይንህን ከቈጠቈጠህ ለነገ ሳትል ጕዝጓዙን ለውጥ፥ መተንፈሻውንም ክፈት።