የአነስተኛ ኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ምልመላ በአሜሪካ

መግቢያ

የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ከትምህርት ቤት የፈለቀ ስፖርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 ዓ.ም. ጄምስ ኔይስሚዝ የተባለ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር፣ በማሳቹሴትስ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ ተማሪዎቹ በብርዱ ወራት በአዳራሽ ውስጥ የሚጫወቱትን ስፖርት ሲያፈላልግ አስገኘው። ከዚያ ወዲህ ጨዋታው በአሜሪካ ከኮሌጅ ትምህርት ጋር ተሳስሮ አድጓል። ይሁን እንጂ በቴሌቪዥን ዘወትር የሚታዩት ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች በመሆናቸው፣ ብዙ ወጣቶችና ወላጆች ከእነርሱ ውጭ ያለውን ሰፊ መስክ አይገነዘቡትም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአነስተኛ ኮሌጆች የተጫዋች ምልመላ እንዴት እንደሚካሄድና በተማሪው የትምህርት ዕድል ላይ ምን ውጤት እንደሚያስከትል ማስረዳት ነው።

1. የኮሌጆቹ አከፋፈል

ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ አባሎቹን በሦስት ዲቪዚዮን ከፍሏል። ታላላቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች በአንደኛው ይመደባሉ። በሁለተኛው ዲቪዚዮን የሚሰጠው የስፖርት ስኮላርሺፕ በአብዛኛው ከፊል ሲሆን ከሌላ ዕርዳታ ጋር ይዳበላል። ከ400 በላይ ኮሌጆችን የያዘው ሦስተኛው ዲቪዚዮን ደግሞ በስፖርት ችሎታ ምክንያት ማንኛውንም የገንዘብ ዕርዳታ መስጠትን ይከለክላል። ከዚህ ሌላ እ.ኤ.አ. በ1937 ዓ.ም. በካንሳስ ሲቲ በተደረገ ውድድር የተጀመረው ኤን.ኤ.አይ.ኤ. እና እ.ኤ.አ. በ1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የሁለት ዓመት ኮሌጆች ማኅበር ይገኛሉ።

2. የምልመላው ሂደት

የአነስተኛ ኮሌጅ አሠልጣኝ ረዳቶቹ ጥቂት፣ የጉዞ በጀቱም ውስን ነው። በመሆኑም የመጀመሪያውን እርምጃ የሚወስደው ብዙውን ጊዜ ተማሪው ራሱ ነው። ለአሠልጣኙ የሚላከው ደብዳቤ አጭር ሆኖ የትምህርት ቤቱን ስም፣ የሚመረቅበትን ዓመት፣ ቁመቱን፣ የሚጫወትበትን ቦታ፣ የትምህርት ውጤቱንና የመጪ ጨዋታዎቹን ፕሮግራም መግለጽ ይኖርበታል። ከተመረጡ ቅንጥቦች በተጨማሪ አንድ ሙሉ ጨዋታ በፊልም ማያያዝ ይጠቅማል። ምክንያቱም አሠልጣኙ ማየት የሚሻው የገባውን ኳስ ብቻ ሳይሆን፣ ተጫዋቹ ከሳተ በኋላ ወደ መከላከል እንዴት እንደሚመለስ ጭምር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት በጥንቃቄ መታየት አለበት። ለብዙዎች በአንድነት የሚላክ ደብዳቤና ክፍያ የሚጠየቅበት የሥልጠና ካምፕ ጥሪ የምልመላ ማስረጃ አይደሉም። እውነተኛ ፍላጎት የሚታወቀው አሠልጣኙ ጨዋታውን መጥቶ ሲመለከት፣ የተማሪውን አሠልጣኝ ሲያነጋግር፣ የትምህርት ማስረጃውን ሲጠይቅና በቡድኑ ውስጥ ያሰበለትን ቦታ በግልጽ ሲናገር ነው።

ተጫዋቾች ከኮሌጅ ወደ ኮሌጅ የሚዛወሩበት አሠራር እ.ኤ.አ. ከ2018 ዓ.ም. ወዲህ እየቀለለ በመምጣቱም፣ ልምድ ያላቸውን ተዛዋሪዎች የሚያስቀድሙ አሠልጣኞች በዝተዋል። ስለዚህ ከሁለተኛ ደረጃ የሚወጣው ተማሪ በአንድ አሠልጣኝ ቃል ብቻ ተማምኖ ሌሎቹን መተው አይገባውም።

3. የትምህርት ውጤትና የገንዘብ ጉዳይ

ተማሪን የሚቀበለው አሠልጣኙ ሳይሆን የኮሌጁ የተማሪዎች መቀበያ ክፍል ነው። በተለይ እንደ ዊልያምስና አምኸርስት ባሉ መራጭ ኮሌጆች የትምህርት ውጤቱ ያልበቃ ተጫዋች፣ ችሎታው የቱንም ያህል ቢሆን በሩ ሊዘጋበት ይችላል። በአንጻሩ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በትጋት የተማረ ወጣት አሠልጣኙ የሚያቀርብለትን ድጋፍ ሊጠቀምበት ይችላል።

ገንዘብን በሚመለከት «ስኮላርሺፕ» የሚለው ስም ብቻውን ማሳሳቱ አይቀርም። ለምሳሌ ያህል፣ ዓመታዊ ወጪው 40,000 ዶላር የሆነ ኮሌጅ 8,000 ዶላር የስፖርት ስኮላርሺፕ ቢሰጥ ቤተሰቡ 32,000 ይከፍላል። ወጪው 60,000 ዶላር የሆነ የሦስተኛ ዲቪዚዮን ኮሌጅ በቤተሰቡ ገቢና በትምህርት ውጤት መነሻ 35,000 ቢሰጥ ግን የሚከፈለው 25,000 ነው። ከዚህም በላይ ሁለተኛው ዕርዳታ በጨዋታ ላይ ያልተመሠረተ ስለሆነ፣ ተማሪው ከቡድኑ ቢወጣ በዚያ ምክንያት አይቋረጥበትም።

4. ከአነስተኛ ኮሌጅ የወጡ ታዋቂ ተጫዋቾች

ስኮቲ ፒፕን ወደ ሴንትራል አርካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የገባው ያለ ስፖርት ስኮላርሺፕ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1987 ዓ.ም. ግን በኤን.ቢ.ኤ. ምርጫ አምስተኛ ሆነ። ዴቪን ጆርጅ እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. ከአውግስበርግ ኮሌጅ፣ ማለትም ከሦስተኛ ዲቪዚዮን፣ በሎስ አንጀለስ ሌከርስ ተመረጠ። ደንከን ሮቢንሰንም በዊልያምስ ጀምሮ፣ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በኩል ወደ ኤን.ቢ.ኤ. ደርሷል። እነዚህ ግን እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ለአብዛኛው ተጫዋች ጨዋታው ከኮሌጅ ጋር ያበቃል፤ አብሮት የሚኖረው ዲግሪው ነው።

ማጠቃለያ

በአገራችን የዩኒቨርሲቲ ምደባ በብሔራዊ ፈተና ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ ይህን ሥርዓት ለለመደና ልጁን በአሜሪካ ለሚያስተምር ወላጅ፣ ልጅ ራሱን በደብዳቤ ማስተዋወቁ እንደ ልመና ሊታየው ይችላል። ነገር ግን በዚያ ሥርዓት ዝም ያለ ተማሪ በትሕትናው አይመሰገንም፤ ሳይታወቅ ይቀራል እንጂ። ስለሆነም የመምህራንና የወላጆች ድርሻ ተማሪው በጊዜ እንዲጽፍ ማበረታታት፣ የዕርዳታውን ስሌት አብሮ መመርመር፣ በመጨረሻም አንድ ጥያቄ እንዲመልስ ማድረግ ነው፤ ይኸውም በመጀመሪያው ሳምንት ጉልበቱ ቢጎዳና ዳግመኛ ባይጫወት፣ በዚያ ኮሌጅ ትምህርቱን ለመቀጠል ይወድ እንደሆነ ነው። መልሱ አዎንታ ከሆነ ምርጫው የጸና መሠረት አለው።