ሦስት ባለሙያዎች፣ አንድ ማስታወሻ
ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች የሚስማማ የስልክ መተግበሪያ አመራረጥ

የስንዴ ዋግ በነፋስ የሚዛመት በሽታ ስለሆነ ቀጠሮ አይሰጥም። በ2006 ዓ.ም. የምርት ዘመን በባሌና በአርሲ «ዲገሉ» የተባለው የስንዴ ዝርያ በግንድ ዋግ ክፉኛ መጠቃቱ ይታወሳል። በእንዲህ ያለው ጊዜ ምልክቱ በየትኛው ማሳ፣ በየትኛው ዝርያ ላይና መቼ እንደታየ የሚገልጸው ማስታወሻ ለወረዳው በወቅቱ ካልደረሰ፣ ምክሩም መድኃኒቱም ከበሽታው ኋላ ይቀራሉ።

በቀበሌ የሚመደቡት የሰብል፣ የእንስሳትና የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያዎች የየራሳቸውን ደብተር ይዘው መሥራታቸው የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ደብተር በዝናብ ይርሳል፤ ባለቤቱ ሲዛወርም አብሮ ይሄዳል። ዛሬ ማሳ ላይ በእጅ ስልክ ተጽፎ በወረዳው ኮምፒዩተር የሚነበብ፣ ሦስቱም ባለሙያዎች በኅብረት የሚሞሉት የማስታወሻ መተግበሪያ በልዩ ልዩ ዓይነት ይገኛል። ጥያቄው የትኛው ይሻላል የሚለው ነው።

ጉግል ኪፕ ለአጫጭር ማስታወሻ ቀላል ነው፤ ለሌላ ሰው ማጋራትም ያስችላል። ነገር ግን በኮምፒዩተር የሚከፈተው በብራውዘር ስለሆነ ኔትዎርክ ሲጠፋ ያስቸግራል። የማይክሮሶፍቱ ዋንኖት በክፍልና በገጽ የተደራጀ ደብተር ሲሆን፣ በአንድሮይድና በአይፎን፣ በዊንዶውስና በማክ ይሠራል፤ ደብተሩንም ብዙ ሰዎች በጋራ ሊጽፉበት ይችላሉ። ጆፕሊን ደግሞ በሊኑክስ ጭምር የሚሠራ፣ ማስታወሻውን በራሱ በስልኩና በኮምፒዩተሩ ላይ የሚያኖር ነፃ መተግበሪያ ነው። ሆኖም ደብተርን በጋራ ለመያዝ የጆፕሊን ክላውድን አገልግሎት ወይም የራስን ሰርቨር ይጠይቃል።

ዛሬ በነፃ የተሰጠ ነገ ሊገደብ እንደሚችልም መዘንጋት የለበትም። ኤቨርኖት እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ላይ የማይከፍሉ ተጠቃሚዎቹን በ50 ማስታወሻና በ1 ደብተር ወስኗቸዋል። ስለዚህ የተጻፈውን ሁሉ አውጥቶ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ የማያስችል መተግበሪያ፣ መውጫ እንደሌለው ጎተራ ይቆጠራል።

ከመወሰን በፊት ሦስቱ ባለሙያዎች ለአንድ ሳምንት ቢሞክሩት ይጠቅማል። የሁለት ስልኮችን ዳታ አጥፍተው በአንዱ ማስታወሻ ላይ የተለያየ ነገር ይጻፉበት፤ ከዚያም ዳታውን ከፍተው ውጤቱን ይመልከቱ። የሁለቱም ጽሑፍ ከተገኘ፣ ወይም መተግበሪያው ግጭት መኖሩን ካስታወቀ መልካም ነው። የአንዱ ጽሑፍ ድምፁን አጥፍቶ ከጠፋ ግን፣ የታመመው ማሳ ከመዝገብ ወጣ ማለት ነው።

የአማርኛ ፍለጋውንም መፈተን ይገባል። አንዱ «ሰብል»፣ ሌላው «ሠብል» ብሎ ከጻፈ ማስታወሻው ተፈልጎ ላይገኝ ይችላል። በመሆኑም የቃላትን፣ የቀንንና የማሳን አጻጻፍ አስቀድሞ መስማማት ግድ ነው። የገበሬው ስምና ስልክ ቁጥር የሚሰፍርበት ስልክም በምስጢር ቁጥር መቆለፍ አለበት።

በአጠቃላይ የመተግበሪያው ጌጥ ብዛት መመዘኛ ሊሆን አይገባም። ኔትዎርክ በሌለበት ማሳ ተጽፎ፣ ኔትዎርክ ሲገኝ ሳይጎድል ለባልደረባና ለወረዳው የሚደርሰው ለሥራው ይበቃል።