የሚመጣና የሚጠፋ ፍሬቻ

ፍሬቻ የጣልያንኛ ቃል ሲሆን ትርጉሙ ቀስት ማለት ነው። ስሙም ያለ ምክንያት አልወጣለትም። ቀደም ባለው ዘመን ብዙዎቹ የአውሮፓ አውቶሞቢሎች ሊታጠፉ ሲሉ ከበሩ አጠገብ እንደ ክንድ ብድግ የምትል ትንሽ አመልካች ነበረቻቸው። ብልጭ ድርግም የሚለውን መብራት የአሜሪካው ቡዊክ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1939 በመኪናዎቹ ላይ አቀረበ፤ በኋላም ክንዲቱ እየቀረች መብራቱ በዓለም ተስፋፋ። መሣሪያው ቢለወጥም ሥራው ያው ነው፤ ይኸውም በነጂው ልብ ያለውን አሳብ ለሌላው መንገደኛ አስቀድሞ መንገር ነው።

ፍሬቻው ጨርሶ የተበላሸበት ሾፌር ጉድለቱን ያውቃል፤ ስለዚህ ረዳቱ እጁን በመስኮት አውጥቶ ያመለክትለታል። አንድ ጊዜ የሚበራ፣ አንድ ጊዜ የሚጠፋ ፍሬቻ ግን ከዚህ የከፋ ነው። ነጂው ማብሪያውን ገፍቶ «ተናግሬአለሁ» ብሎ ያምናል፤ ከኋላ ያለው ግን የሰማው ነገር የለም። በአገራችን ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ መንገዱን በቀኝ ስለምንይዝ ወደ ግራ የሚታጠፍ አውቶቡስ ከፊት ለፊት የሚመጣውን መስመር ያቋርጣል። በዚያችው ደቂቃ በግራ በኩል ሊቀድም የተነሣ ባለሞተር ብስክሌት ቢኖር ሕይወቱ የተንጠለጠለችው በአንዲት አምፖል ላይ ነው።

ይህ ሕመም አብዝቶ ከሚያጠቃቸው ተሽከርካሪዎች አንዱ በተለምዶ ቅጥቅጥ የምንለው ያረጀ አውቶቡስ ነው። ቅጥቅጥ ለጭነት በተሠራ ሻሲ ላይ እዚሁ አገር ውስጥ ብረት ተበይዶ፣ ላሜራ ተለብጦ፣ ወንበር ተደርድሮ የተሰናዳ ነው። ፋብሪካው የኤሌክትሪኩን ሽቦ የለካው ለጋቢናና ለጭነት ሣጥን ነበር። አካሉ ተለውጦ መብራቱ ሌላ ቦታ ሲሰቀል ግን ሽቦው ይቀጠላል። ቅጥያው በእርሳስ ተበይዶ ከተሸፈነ ብዙ ዘመን ያገለግላል፤ በጣት ተጠማዝዞ በናስትሮ ብቻ ከተጠቀለለ ግን አቧራ፣ ጭቃና ንዝረት ያላሉታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው።

እንግዲህ የኤሌክትሪኩን መንገድ እንከተል። ከባትሪው ተነሥቶ በፊውዝ ያልፋል፤ መብራቱን ብልጭ ድርግም ወደምታደርገው ፍላሸር ወደምትባል ትንሽ ሣጥን ይገባል፤ ከዚያም ከመሪው ሥር ያለው ማብሪያ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይመራዋል። አምፖሉን ካበራ በኋላ በመኪናው ብረት አድርጎ ወደ ባትሪው ይመለሳል። ይህን መመለሻ ባለሙያዎቻችን ማሳ ይሉታል። መሄጃውን ሁሉም ያስታውሳል፤ የሚረሳው መመለሻው ነው።

ሾፌሩ ጋራዥ ሲደርስ ንግግሩ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሆናል፦

— ጋሼ፣ ይህ ፍሬቻ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ እምቢ ይላል።
— አሁንስ?
— አሁንማ ይሠራል።
— እንግዲያው ፍላሸሯ ናት፤ ቀይራት።

ፍላሸሯ ትቀየራለች፤ አውቶቡሱም ይሄዳል። ከጥቂት ቀን በኋላ ሕመሙ ይመለሳል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እዚህ ግን ሾፌሩ የደበቀው ነገር የለም፤ የሚደበቀው ራሱ በሽታው ነው። ስለዚህ ዕቃ ከመግዛት በፊት መጠየቅ ይገባል።

የመጀመሪያው ጥያቄ «በአንድ ወገን ነው ወይስ በሁለቱም?» የሚለው ነው። በሁለቱም ወገን የሚጠፋ ከሆነ ሁለቱ በጋራ ከሚጠቀሙባቸው ከፊውዙ፣ ከፍላሸሯ ወይም ከማብሪያው ዘንድ ይፈለጋል። በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ ግን ፍላሸሯን መክሰስ አይገባም፤ ጥፋቱ በብዛት የሚገኘው በዚያው ወገን አምፖል፣ ሽቦ ወይም ማሳ ላይ ነው።

ሁለተኛው «አመታቱ እንዴት ነው?» የሚለው ነው። በዓለም አቀፉ ደንብ ፍሬቻ በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ጊዜ ብልጭ ማለት አለበት። በአሮጌዎቹ ፍላሸሮች ውስጥ ከሁለት ዓይነት ብረት የተጣበቀ ቀጭን ምላስ አለ፤ አምፖሎቹ የሚስቡት ኤሌክትሪክ ሲያሞቀው ታጥፎ መንገዱን ይቆርጣል፣ ሲበርድ ተመልሶ ይገጥማል። አንድ አምፖል ከተቃጠለ ሙቀቱ ስለሚያንስ የቀረው መብራት ይዘገያል ወይም ሳይጠፋ በርቶ ይቀራል። በአዲሶቹ ኤሌክትሮኒክ ፍላሸሮች ግን አምፖል ሲጎድል አመታቱ ይፈጥናል፤ ይህም ነጂውን ለማስጠንቀቅ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ጥቂት ኤሌክትሪክ ብቻ የሚስብ የኤልኢዲ አምፖል በአሮጌው ምትክ ሲገባም ያው ፍጥነት ሊታይ ይችላል።

ሦስተኛው «ፍሬን ሲረገጥ ወይም የሌሊት መብራት ሲበራ ይለወጣል ወይ?» የሚለው ነው። ፍሬን ሲረገጥ ፍሬቻው ከደከመ፣ ወይም መብራት የሌለበት ሌላው አምፖል ፈዘዝ ብሎ ከበራ፣ የኋላው መብራት ማሳ ተበላሽቷል ማለት ነው። ኤሌክትሪኩ የራሱን መመለሻ ስላጣ በጎረቤቱ አምፖል አድርጎ ይመለሳል።

ይህ ስለምን እንደሚሆን ጀርመናዊው ጌዮርግ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ያሳተመው ሕግ ያስረዳል። በ24 ቮልት የሚሠራ የ21 ዋት አምፖል ሲበራ 0.9 አምፔር ያህል ይስባል፤ ተቃውሞውም 27 ኦም ገደማ ነው። ከመብራቱ ሥር ያለው ዝገትና ቀለም 10 ኦም ቢጨምርበት ከ24ቱ ቮልት ከ6 የሚበልጠው በዝገቱ ላይ ይባክናል። መንገዱ ሲያነቃንቀው ዝገቱ አንዴ ይገጥማል፣ አንዴ ይለቃል፤ መምጣትና መጥፋቱ ከዚህ ነው።

አራተኛው ጥያቄ «መቼ?» ነው። በዝናብ ጊዜ ብቻ ከሆነ ውኃ የገባበት የአምፖል ማቀፊያ ይታያል፤ በኮረኮንች ላይ ከሆነ ቅጥያው፤ መሪው ሲዞር ከሆነ ከመሪው ሥር ያለው ሽቦ።

ከዚህ በኋላ ምርመራው ቀላል ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ጎማው ታግዶ፣ ቁልፉ ይከፈትና ፍሬቻው ይበራል። አንድ ሰው መብራቱን ሲመለከት ሌላው ከኋላ ጀምሮ ሽቦውን ክንድ በክንድ ያነቃንቃል። መብራቱ በዘለለበት ቦታ ጥፋቱ ተገኘ ማለት ነው። ማሳው ከተጠረጠረ ከባትሪው ኔጋቲቭ አንድ ረዘም ያለ ሽቦ ተስቦ የመብራቱን ማሳ ይነካል፤ መብራቱ ወዲያው ከዳነ ሌላ ምስክር አያስፈልግም። መለኪያ ያለው ሰው ደግሞ አምፖሉ በበራ ቁጥር ከመብራቱ ማሳ እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ይለካ፤ ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው መጽዳት አለበት።

ጥገናው ባትሪው ተፈትቶ የሚሠራ ነው። ዝገቱና ቀለሙ ተፍቀው፣ ከመብራቱ እስከ ሻሲው ራሱን የቻለ የማሳ ሽቦ ይሳባል፤ ቅጥያው በእርሳስ ይበየዳል፤ ሽቦው ላሜራ በሚበሳበት ቦታ የጎማ ቀለበት ይገባለታል። ለ12 ቮልት የተሠራች ፍላሸር ለ24 ቮልት አውቶቡስ አትሆንምና ሶማሌ ተራ ወርዶ የሚገዛ ሰው በዕቃው ላይ የተጻፈውን ያንብብ። ፊውዝ ቢበጠስ በምትኩ ሽቦ መጠምዘዝ ግን ፍሬቻን ለማዳን ሲሉ አውቶቡሱን ለእሳት መስጠት ነው።

ይህ ነገር የጋራዥ ሰዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ለዓመታዊ ምርመራ የቀረበ አውቶቡስ ቆሞ ሲታይ ፍሬቻው ብልጭ ይላል፤ ወረቀቱም ይፈረማል። ቆሞ የሚሠራው ግን ሲሄድ ላይሠራ ይችላል። በዚህ ሥራ ላይ የተመደበ ወጣት ሹም ፍሬቻው እየበራ ሳለ ፍሬኑን ቢያስረግጥ፣ የሌሊቱን መብራት ቢያስበራና የኋላውን መብራት በእጁ መታ መታ ቢያደርግ ከአንድ ደቂቃ የበለጠ አይፈጅበትም። በዚያች ደቂቃ የሚገለጠው ጉድለት በጥቂት ሽቦና በጥቂት እርሳስ ይጠገናል፤ ሳይገለጥ ወደ መንገድ የወጣው ግን በምን እንደሚጠገን እንጃ።