ምች ያልሆነ የአፍ ቁስል



በላስታ ደጋ የሰው ከንፈር ሲቆስል መጀመሪያ የሚባለው «ምች መታው» ነው፤ ወዲያው ዳማከሴ ይጨመቃል። ብዙ ጊዜ ቁስሉ በራሱ ይድናል። ታማሚው በቅርብ ሳምንታት አዲስ መድኃኒት ጀምሮ ከሆነ ግን ቆም ብላችሁ አስቡ።

ስቲቨንስ ጆንሰን ሲንድሮም የሚባል የመድኃኒት ጠንቅ አለ። ስሙን ያገኘው በ1922 እ.ኤ.አ. ስለ በሽታው ከጻፉት ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች ነው። እምብዛም አያጋጥምም፤ ሲያጋጥም ግን ሊገድል ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ከተጀመረ ከ4 እስከ 28 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይነሳል። ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመምና የዓይን ማቃጠል ይቀድማሉ፤ ከዚያ አፍ ይላጣል፣ ቆዳ ላይም ጠቆር ያለ ሽፍታና ውሃ የቋጠረ ቁስል ይወጣል። ምች በአብዛኛው ከንፈር ላይ ይቀራል፤ ይህ ግን ዓይንንና ብልትን ጭምር ያቆስላል።

ከሚያስነሱት መድኃኒቶች መካከል ኮትሪሞክሳዞል (ባክትሪም)፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኖባርቢታልና ካርባማዜፒን፣ እንዲሁም እስከ 2004 እ.ኤ.አ. በአገራችን የወባ ዋነኛ መድኃኒት የነበረው ፋንሲዳር ይገኛሉ። ከመተማና ከሁመራ የሰሊጥ ሥራ የሚመለሱ ወንድሞች የተረፋቸውን ክኒን ለቤተሰብ የማካፈል ልማድ አላቸው። ደግነት ነው፤ ግን ይቅር።

ምልክቱን ካያችሁ ቀጣዩን ክኒን አትዋጡ። የመድኃኒቱን ማሸጊያ ይዛችሁ በዚያው ቀን ወደ ላሊበላ ሆስፒታል ወይም በቅርብ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሕመሙ በቤት አይታከምም፤ ዓይን ካልታከመ እስከ መታወር ሊያደርስ ይችላል።

አፉን በተመለከተ፣ ሐኪሙ ከሚያዝዘው ማደንዘዣና መጉመጥመጫ ጎን ለጎን፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጣችሁ ቀስ ብሎ ይጉመጥመጥ። ከንፈሩ እንዳይጣበቅ ቫዝሊን ቀቡት። ሲዋክና ጠንካራ ብሩሽ ይቆዩ። በርበሬ፣ ሎሚና ትኩስ ቡና ያቃጥሉታል፤ የቀዘቀዘ የገብስ አጥሚትና የፈላ ወተት ቀዝቅዞ በማንኪያ በትንሽ በትንሹ ይሰጠው። ምራቁን መዋጥ ካቃተው ወይም ሽንቱ ካነሰ ግሉኮስ ያስፈልገዋል፤ ይህም የሚሰጠው በሕክምና ቦታ ነው።

ረመዳን ቢሆንም በሽተኛ ማፍጠር ተፈቅዶለታል፤ ሲድን ቀዷውን ያወጣል። በዉዱእ ጊዜ አፍን መጉመጥመጥ በሻፊዒይና በሐነፊይ መዝሀብ ሱና ስለሆነ፣ ቢተወው ዉዱኡ ይሟላል። ቆዳው ለቆሰለ ሰው ስለ ተየሙም ኢማማችሁን ጠይቁ።

ከዳነ በኋላ የመድኃኒቱን ስም በወረቀት አስጽፉና ከመታወቂያው ጋር ይያዝ፤ በየትኛውም ፋርማሲ አስቀድሞ ያሳየው። ያንን መድኃኒት ዳግመኛ፣ አንዲት ፍሬም ቢሆን፣ መዋጥ የለበትም።